ደጅ የጠናው አረም

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ካርታ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ መንገደኛ ብትጠይቁ ግን ሁሉም በአገጩ ያመለክታችኋል። በሐይቅ ዙሪያ የተቀመጠ አገር ነበር። ንጉሥ ነበረው፣ ሹም ነበረው፣ ሕግ ነበረው፤ ሕጉ ደግሞ ከሕዝቡ ይበዛ ነበር።

የሕጎቹ ሁሉ አባት እንዲህ ይላል፦ ሐይቁ የንጉሡ መስታወት ነው። ንጉሡ በዓመት አንድ ቀን፣ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲረጋ፣ በታንኳ ይወጣና ጎንበስ ብሎ ፊቱን ያያል። ቀኑ «የፊት ቀን» ይባላል። ፊቱ ሙሉ ሆኖ ከታየ ዓመቱ ጥጋብ ነው ይላሉ። አንዲት ቅጠል ከሥር ብቅ ብላ የንጉሡን አፍንጫ ለሁለት ከከፈለችው ግን፣ የዚያ ውሃ ባለቤቶች ወዮላቸው።

ሁለተኛው ሕግ የመጀመሪያው ልጅ ነው፦ በሐይቁ ውስጥ የበቀለ ነገር ከሐይቁ አይወጣም። ከመስታወት ላይ ፍቆ የወሰደ ከንጉሡ ፊት ላይ እንደፋቀ ይቆጠራል። «ዓሣስ?» ብሎ የጠየቀ ሞኝ አንድ ጊዜ ነበር አሉ። ሊቃውንቱ ተሰብስበው ሲመክሩ ከረሙና፣ «ዓሣ አፉን ከፍቶ መንጠቆውን ስለጎረሰ፣ በፈቃዱ እንደወጣ ይቆጠራል» ብለው ፈረዱ። መረብ ለሚጥሉት ደግሞ ዝም ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑላቸው። ሊቃውንትም ዓሣ ይበላሉ እኮ።

ያገሩ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከሦስተኛው ሕግ ነው። ሦስተኛው፣ በውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክል ሁሉ «ሽፍታ» ይባል ይላል። ቅጠሉ ሰፊ ይሁን ቀጭን፣ ሥር ይኑረው አይኑረው፣ ለዓሣ መጠለያ ይሁን ለታንኳ ወጥመድ፣ ልዩነት የለም። ከላይ የማይታይ፣ ከሥር የሚንቀሳቀስ ሁሉ ሽፍታ ነው። ሽፍታ ደግሞ ይቆረጣል።

ይህን ሥራ የሚያዘው ሹም «ሊቀ ገጸ ባሕር» ይባላል፤ ባጭሩ ሊቁ ይሉታል። በዚያን ዘመን ሹመቱን የያዘው ወንድይራድ የሚባል፣ ቁመቱ አጭር ካባው ረጅም ሰው ነበር። በየወሩ ወታደሮቹ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ማጭድ አስረው በታንኳ ይወጡና ውሃውን ያጭዱታል። የታጨደው የብስ እንዳይነካ ሕግ ይከለክላል። ታዲያ ምን ይደረግ? «ለሌላው መቀጣጫ ይሁን» ተባለ። የተቆረጠውን በታንኳ ከምረው፣ ነጋሪት እየመቱ፣ ከጉያ ወደ ጉያ ይዞራሉ። ጉያ የሚሉት ሐይቁ ወደ የብስ ገባ የሚልበትን ቦታ ነው፤ በየጉያው አንድ አንድ መንደር አለ። በየመንደሩ ፊት ቆመው አንድ እቅፍ አረም ከፍ ያደርጉና «አያችሁ! የሸፈተ መጨረሻው ይህ ነው!» ይላሉ። ሕዝቡ እልል ይላል። እቅፏን እዚያው ውሃ ውስጥ ይወረውሯትና ወደሚቀጥለው ጉያ ይቀዝፋሉ።

የተወረወረው ግን አይሞትም። በተለይ አንዱ፣ ሕዝቡ በድብቅ «የቀበሮ ጭራ» የሚለው፣ ሥር የለውም፤ ሥርም አይፈልግም። ብትቆራርጠው እያንዳንዱ ቁራጭ ጎጆ ይወጣል። ነጋሪቱ ዞሮ ገና ድምፁ ከጆሮ ሳይጠፋ፣ አረም ዓይቶ የማያውቅ ጉያ ሁሉ አረም ያበቅላል። ሊቁ ወደ ግቢ ይገባና «ንጉሥ ሆይ፣ ዘንድሮ የቆረጥነው የአምናው እጥፍ ነው» ይላል። እውነቱን እኮ ነው! ንጉሡም ካባ ይጨምርለታል። ሰውዬው በበጋ ሙቀት ካባ በካባ ላይ ደርቦ ላቡ ሲንጠፈጠፍ ይውላል።

«ይህን የሚያውቅ ሰው ጠፋ?» ትሉኝ ይሆናል። ምን ሲደረግ! ሁሉም ያውቅ ነበር። ቀዛፊው ያውቃል፣ ነጋሪት መቺው ያውቃል፣ እልል የምትለዋም እያወቀች ነው እልል የምትለው። ሊቁ ራሱ ከሁሉ ቀድሞ ያወቀው ነው። የሚያውቁትን መናገር ግን ሌላ ሙያ ነው፤ በዚያ አገር ሙያተኛው አልነበረም።

ከጉያዎቹ አንዱ እምብርት ይባላል። እምብርት ውስጥ እንጉዳይ የምትባል መረብ ጣይና ዘርጋው የሚባል ሰው አሻጋሪ ነበሩ። ዘርጋው ምላሱ ከመቅዘፊያው የፈጠነ ነው። ወደ ግቢ አቤት ለማለት የሚሄዱትን ባለጉዳዮች ሲያመላልስ ነው የኖረው፤ ሲሄዱ ክርክራቸውን ይሰማል፣ ሲመለሱ የተረቱበትን ይሰማል። እንዲህ እያለ ያገሩን ሕግ ከነቀዳዳው በቃሉ ይዞታል። ሁለቱ ተጫጭተዋል። ሠርጋቸው ከፊት ቀን በኋላ ነው።

እዚያ አገር መሬት ማንም አይጠይቅህም፤ የሚጠየቀው ውሃ ነው። አዲስ ተጋቢዎች ከመንደራቸው ጉያ ድርሻ ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ከዚያ ልጅ ያሳድጋሉ። የውሃ ድርሻ የሌለው አያገባም። አለቀ።

በዚያ ዓመት አዋጅ ነጋሪው እምብርት መጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሽፍታን እየቆረጡ መኖር አድካሚ ሆኖ ስለተገኘ፣ ሽፍታው የተሸሸገበትን ውሃ መድፈን ተመርጧል! በፊት ቀን የንጉሣችን ፊት በእምብርት ይታያል። ከተከፈለ፣ እምብርት በድንጋይ ይሞላል፤ ሕዝቡም ወደ ሌሎች ጉያዎች ይበተናል!» አለ። ያን ሰሞን ድንጋይ የተሸከሙ አህዮች ዳሩን ሞሉት።

እንጉዳይ መረቧን ዘርግታ ከመረቡ ውስጥ የቀበሮ ጭራ እየለቀመች ነበር። ዘርጋው አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እንግዲህ ድንጋይ ላይ መረብ መጣል እንለምዳለን» አለችው።

«አንቺ ከጣልሽበት ድንጋዩም ይያዛል።»

«ቀልድህን ያዝልኝ። አባዬ ትናንት ምን እንዳለ ታውቃለህ? ‹ውሃ ለሌለው ሰው ልጄን ድሬ ምን ሊያጠጣት ነው?› አለ።»

«‹በላቡ ያጠጣታል› በይው።»

«ላብህንስ የት አየሁት? አንተ የሚሠራው አፍህ ነው።» አንድ እፍኝ አረም ደረቱ ላይ ወረወረችበት። «ይልቅ ይህን አፍህን ለሊቁ አታሳየውም? እኔን ማሳቁ ውሃ አላመጣልንም።»

ዘርጋው አረሙን ከደረቱ ላይ አነሳና እያገላበጠ ያየው ጀመር።

ሊቁ በሳምንቱ ጉያውን ሊመለከት መጣ። የሹመት ታንኳው አረም ውስጥ ተተብትባ ስለቀረች የዘርጋውን ታንኳ ተሳፈረ። መሀል ሲደርሱ ታንኳይቱ ቀጥ አለች።

«ምን ሆንክ? ለምን ቆምክ?»

«ሽፍታ ያዘን ጌታዬ።»

«ቅዘፍ እንጂ!»

«መቅዘፊያዬን ማርኮብኛል።»

ሊቁ ጎንበስ ብሎ አየ። ከሥሩ የቀበሮ ጭራ እንደ ጫካ ቆሟል። ግራ ቀኙን ቃኘና፣ ከዓሣ አሞራ በቀር ሰሚ እንደሌለ ሲያረጋግጥ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በዝቷል… ዘንድሮ» አለ።

«እርስዎ ጎበዝ ቆራጭ ስለሆኑ ነው።»

«ምን ለማለት ነው?»

«ማመስገኔ ነው ጌታዬ።»

ተያዩ። ሁለቱም የሚያውቁትን አወቁ፤ ሁለቱም አልተናገሩትም።

«እኔን የሚያሳስበኝ እንኳ እርስዎ ነዎት» አለ ዘርጋው።

«እኔ? እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ?»

«ዘንድሮ እምብርት ተደፈነ እንበል። ከርሞ ሌላው ይደፈናል። ሽፍታው እንደሆነ እየበዛ ነው፤ የእርስዎ ወታደሮች ደግሞ አይደክሙም። አንድ ቀን ሐይቁ አልቆ ድንጋይ ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ እርስዎ የምን ገጽ ሊቅ ሊባሉ ነው? የኮረት?»

ሊቁ ከላይ ያለውን ካባ አወለቀ። «ምን ላድርግ ታዲያ? ላውጣው ብል ሕግ ነው። ልተወው ብል የንጉሡ ፊት ይከፈላል።»

«ያስጠሩት።»

«ማንን?»

«ሽፍታውን ነዋ። ወደ ግቢ ያስጠሩት። ንጉሥ የጠራው ከማዕድም ቢሆን ከአልጋም ቢሆን ተነስቶ ይመጣል፤ ይህ ከሕጎች ሁሉ የሚበልጥ ሕግ ነው። ታንኳዬ ላይ ስንቱ ጠበቃ ሲምልበት ሰምቻለሁ። ‹ከሐይቅ የበቀለ አይወጣም› የሚል ካለ፣ ‹አውጥተነው ሳይሆን ተጠርቶ ነው› ይበሉት።»

«አረም እንዴት ሆኖ ይጠራል?»

«እንደ ሰው። ሰው እንደ አረም ሲቆረጥ አይተን የለ እንዴ?»

ሊቁ የመጨረሻዋን ያልሰማ መሰለ። ሁለተኛውንም ካባ አወለቀና ጭኑ ላይ አጠፈው። ነፋሱ ደረቱን ሲነካው ፈገግ አለ። ሰውዬው እንግዲህ ሞኝ አልነበረም።

መጥሪያ ግን ሥርዓት አለው። «አንተ ሽፍታ፣ ና!» ተብሎ አይጻፍም። ስም ይጠራል፣ መልክ ይገለጻል፣ መኖሪያ ይመዘገባል። ስለዚህ በዚያ አገር ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የመንግሥት ጸሐፊዎች እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ውሃ ውስጥ ከተቱ። ሊቁ መሀል ታንኳ ላይ ተቀምጦ ይመረምራል፤ አንድ ጸሐፊ ያወጣል፣ ሌላው ያሸታል፣ ሌላው ይጽፋል። ሕዝቡ ዳር ላይ ቆሞ ቲያትር እንደሚያይ ይስቃል።

መጀመሪያ የወጣው የቀበሮ ጭራ ነው። ቅጠሉ በግንዱ ዙሪያ ክብ ሠርቶ የተደረደረ፣ ጫፉ ሹካ የሆነ፣ ሲነኩት እንደ ድመት ምላስ የሚሻክር።

«መኖሪያው?» አለ ሊቁ።

«ሥር የለውም ጌታዬ። እዚህም አለ፣ እዚያም አለ።»

«ዘዋሪ! መኖሪያ የሌለው በተገኘበት ይጠራል። ጻፍ።»

ቀጥሎ የወጣው ሌላ ነው። ቅጠሉ ሰፊ፣ ሥሩ ጭቃውን የጨበጠ። ጸሐፊው ቅጠሉን ገልበጥ ሲያደርገው ከጀርባው እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቀ ነገር ተለጥፎበታል። እንጉዳይ ከዳር ሆና «የዓሣ እንቁላል ነው! በቀስታ ያዘው፣ አንተ ባለ ቀለም!» ብላ ጮኸችበት።

ጸሐፊዎቹ ተከራከሩ። አንዱ ይጠራ አለ፣ አንዱ ከነልጆቹ ይጠራ አለ። ሊቁ እጁን አነሳ። «አራስ ትጠራለች? ከመቼ ወዲህ? እንኳን ንጉሥ፣ ሞትም አራስ ቤት ሲገባ ያንኳኳል። ይህች አራስ ናት፤ ባለችበት ትቀመጥ!» አለ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ያቺ እልልታ ሳትታዘዝ የወጣች የመጀመሪያዋ ነበረች።

ሦስተኛው ከመሬቱ ከፍ የማይል፣ ወለሉን እንደ ምንጣፍ የሸፈነ፣ ሲያሹት የሚሰባበር ነው። ጸሐፊው አሸተተና አስነጠሰው። «ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል!» አለ። ሊቁ ወደ ታች አየ። ይህ በተነጠፈበት ቦታ ጭቃው አይነሳም፤ ውሃው እንደ ብርጭቆ ጠርቷል። አገጩን እያሻሸ ቆየና፣ «ጭቃ እንዳይነሳ ተኝቶ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ዘበኛ ቦታውን ትቶ አይጠራም» ብሎ ፈረደ። ራሱ በፍርዱ ስለተደሰተ ደግሞ አስነበበው።

እንዲህ ሆኖ ማጭዱ ተሰቀለ። ወታደሮቹ በማጭዱ ቦታ የአውድማ መንሽ አሰሩና፣ የቀበሮ ጭራውን በእንዝርት ላይ እንደሚጠቀለል ጥጥ እየጠቀለሉ አወጡት። ከታንኳው ኋላ ደግሞ የእንጉዳይ መረብ ይጎተታል፤ ምክንያቱም «የተጠራ ሰው አጃቢዎቹን አስከትሎ ይቅረብ» የሚል አንቀጽ አለ፤ ተቆርጠው የሚያመልጡት ቁራጮች አጃቢ ናቸው ተባለ። አንድም ቁራጭ ወደ ውሃው አልተመለሰም። ድንጋይ ያመላልሱ የነበሩ አህዮች አረም ጭነው ወደ ግቢ ወጡ።

ግቢው በር ላይ ያለው አጋፋሪ ክምሩን ከላይ እስከ ታች አየው። «ጉዳያችሁ?» አለ። አረም ምን ይመልሳል። «እሺ፣ ተራችሁን ጠብቁ» አለና ዞሮ ተቀመጠ።

አረሙም ደጅ ጠና። ፀሐይ ወጣችበት፣ ፀሐይ ገባችበት። ማንም አልጠራው፣ ማንም «ሂድ» አላለው። ቀስ እያለ ጠወለገ፣ ቀስ እያለ ቢጫ ሆነ፣ በመጨረሻ እንደ ገለባ ደረቀ። እዚያ ደጅ ላይ ቆሞ ያልደረቀ ማን አለና! በውሃ ድርሻ ክርክር ከወጣትነቷ ጀምሮ እዚያ የተቀመጠች አንዲት ባልቴት ብቻ ተጠቀመች፤ ድንጋይዋን ትታ ክምሩ ላይ ወጥታ ተቀመጠችና «ተባረኩ፣ ዛሬ ገና ወገቤ አረፈ» አለች።

የፊት ቀን ደረሰ። ንጉሡ አርጅቶ ነበር። የእምብርትን ውሃ የሚያውቀው ታንኳ የዘርጋው ስለሆነ እሱ ከኋላ፣ እንጉዳይ ከፊት ሆነው ቀዘፉ። መሀል ላይ ንጉሡና ሊቁ ተቀምጠዋል። ዳር ላይ ሕዝቡ ቆሟል፤ ከሕዝቡ ጎን የድንጋዩ ክምር። የአህያ ነጂዎቹ ዓይናቸውን ከንጉሡ ጀርባ አላነሱም፤ ሲታዘዙ ሊገለብጡ ነው።

ንጉሡ ጎንበስ አለ።

ሊቁ የካባውን ጠርዝ ጨበጠ።

«ይህ አክሊሌ ውስጥ የሚመላለሰው ማን ነው?» አለ ንጉሡ።

ሊቁ ወደ ዘርጋው ዞረ። ያ ነገረኛ ዘርጋው ደግሞ ወደ እንጉዳይ አየ። ሐይቁ በጣም ከመጥራቱ የተነሳ የንጉሡ ፊት አልተከፈለም፣ ግን ከፊቱ ሥር ሌላ ነገር ይታይ ነበር፤ ይህ ወንጀል ይሁን አይሁን ሕጉ አይናገርም።

እንጉዳይ ናት የመለሰችው። «የአራሷ ልጆች ናቸው ንጉሥ ሆይ። ገና መፈልፈላቸው ነው።»

ንጉሡ ወደ ታች ማየቱን አላቆመም። ጣት የማይሞሉ ዓሦች በጢሙ ውስጥ ገብተው በጆሮው ይወጣሉ። ከነሱ በታች ሰፋፊ ቅጠሎች ይወዛወዛሉ፤ ከዚያ በታች ወለሉ አረንጓዴ ነው።

«ይኸው ስንት ዓመቴ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ጎንበስ ባልኩ ቁጥር የማየው ይህንኑ ፊት ነው። ማንም አልነገረኝም እንጂ፣ የሚያሰለች ፊት ነው።»

ሊቁ ምን ማለት እንደሚገባው ሕግ ውስጥ ፈልጎ አጣ። ንጉሡ ግን ሳቀ። ሲስቅ ታንኳይቱ ተናጠች፣ ፊቱ ውሃው ላይ ሺህ ቦታ ተከፋፈለ፤ እሱም ተከፋፍሎ ሲያየው የባሰ ሳቀ። ምሳውን እዚያው እንዲያመጡለት አዘዘና ዓሦቹን ሲያይ ዋለ። የአህያ ነጂዎቹ ድንጋዩን ትተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሊቁም አዲስ ካባ ተሸለመ፤ መቼም ሹም ከመሸለም አያመልጥም።

ዘርጋውና እንጉዳይ በዚያው ሰሞን ተጋቡ። አሁን የቀረው የውሃ ድርሻቸው ነው። እዚያ አገር ድርሻ እንዴት ይለካል መሰላችሁ? ሙሽሪት ዳር ላይ ትቆማለች። ሊቀ ገጸ ባሕር በታንኳ ተቀምጦ፣ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ፣ ሙሽራው እየቀዘፈው ከዳር ይርቃል። ሙሽሪት ትጮኻለች። ሊቁ ድምፅዋን እስከሰማ ድረስ እጁን እንደሰቀለ ይቆያል፤ እጁ የወረደበት ቦታ ወሰናቸው ነው። የምትጮኸውን የምትመርጠው ራሷ ናት፤ አብዛኞቹ የእናታቸውን ስም ይጠራሉ።

እንጉዳይ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች፤ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች። ታንኳው ትንሽ ራቅ ሲል ሁለት እጇን አፏ ዳር አድርጋ ጮኸች።

«መቁረጣችሁ ነው ያበዛው!»

ዳር ላይ የነበረው እልልታ ጉሮሮ ውስጥ ቀረ። ከበሮ መቺው እጁ አየር ላይ ቆመ። አባቷ ጋቢውን ወደ አፉ ሰበሰበ።

«መወርወራችሁ ነው የዘራው!» ብላ ደገመች። «ሁላችንም እናውቅ ነበር! እርስዎም ያውቁ ነበር!»

ታንኳው ላይ ሊቁ ደርቆ ተቀምጧል። እጁን ካወረደ አልሰማሁም ማለቱ ነው፤ ያን ጊዜ ሙሽሮቹ የሚደርሳቸው ውሃ እግር ለመታጠብ አይበቃም። ካላወረደ ሰማሁ ማለቱ ነው፤ ያውም በአገር ፊት። ዘርጋው መቅዘፉን አላቆመም፤ ዓይኑ ግን እዚያች ክንድ ላይ ነው።

«ጌታዬ፣ እጅዎን ደከመዎት?» አለ።

የሴትየዋ ድምፅ በውሃው ላይ እየተንሸራተተ ይመጣል፤ ያንኑ ቃል፣ ደግሞ ያንኑ ቃል። የጉያውን መሀል አልፈዋል። አዲሱ ካባ ከትከሻው ተንሸራቶ ታንኳው ወለል ላይ ወደቀ፤ አላነሳውም።

«ቅዘፍ፣ አንተ ነገረኛ» አለ። «ገና ይሰማኛል።»

ከዳር ሆነው ያዩት እንደሚሉት፣ ታንኳይቱ እያነሰች እያነሰች ሄዳ ነጥብ አከለች። እጁ አልወረደም።